ሽመላ ቆጠራ፣ መጋቢት

ሽምብራው ታጭዶ፣ ዋልካው ተሰንጥቆ፣
የጣና ጭጋግ ከሜዳው ርቆ፣
ደንቢያ ዳር እስከ ዳር አንገት አንገት ሆኖ፣
የውሰት መነጽር ዐይኔ ላይ ተጭኖ፣
መቶ ሰባ ሁለት… ሰባ ሦስት… አንዱ ብድግ አለና
ቁጥሬ ተበተነ እንደ እብቅ። ከአንድ፣ እንደገና።

«ስንት ደረስክ?» አሉኝ አያ ጓንጉል፣
ምርታቸው ገብቶም ማማውን ያልለቀቁ። «ጠፋብኝ» ስል፣
«እኔን ጠይቅ» አሉ፤ «ከኅዳር ጀምሮ ሽምብራዬን ሲበሉ
በወንጭፍ ነው የቆጠርኳቸው፤ አንዱንም አልመታሁ፣ ሁሉም አሉ።»

ቀትር ላይ ሙቀቱ ከመሬት ሲነሣ
መንጋው ዞረ፣ ዞረ፣ ክንፉን ሳያነሣ፤
ከጎንደር ጋራ ወዲያ ነጥብ ሆኖ ቀረ።
ደብተሬ ላይ ያለው ስርዝ ብቻ ነበረ።

እሳቸው ያጎረሷትን ድንጋይ ከወንጭፉ አወጡና
ኪሳቸው ከትተው፣
«ትቀመጥ» አሉ፣ «ኅዳር አለ ገና።»