ዋስ

ሻዕባን ሊጋመስ፣ ከመግሪብ በኋላ፣
የጎተንበርግ ሰማይ ጨረቃዋን በላ፤
አስራ አምስት ናት ዛሬ፣ ሞልታለች በስሌት፣
ከደመናው በላይ፣ ከማይታየን ቤት።

ከወንዙ ወዲያ ማዶ፣ ከጎማ ቤቱ ሥር፣
ድሮ ብስክሌት ነበር እዚህ የሚታሰር፤
አሁን ምንጣፍ አለው፣ ሚሕራብ፣ የጫማ መደርደሪያ፣
አንድ የጋለ ራዲያተር፣ የርጥብ ካልሲ መስቀያ።

ሐጅ ሩስተም፣ ቱርኩ፣ «ሻይ አለ ለሁሉ፤
ከቦስኒያዋ ፋዚላ ሐልዋ ተቀበሉ»
እያለ ይዞራል በስዊድንኛ ስባሪ፤
እኛም ያው ነን እንደሱ፣ ስብርባሪ ተናጋሪ።

አብሺር፣ ሶማሌው ልጅ፣ «ይቺን ሌት» ይለናል፣
«ለብቻ መለየት ቢድዓ ነው ብለዋል»፤
ይላል እንጂ አይሄድም፤ ሦስተኛ ሻይ ጠጥቷል፣
ግድግዳ ተደግፎ ያሲንን ከፍቷል።

እኔ ከመጋረጃው፣ በሴቶቹ በኩል፣
ጉልበቴን አቅፌ ከሕፃናቱ እኩል፣
ስሰማ አመሸሁ ሐጅ ሩስተም ሲናገር፦
«የሚማረው ሰው ይበዛል ከበግ መንጋ ጠጉር።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።
«ሁሉ ይማራል» አለ። «የሚቀረው ጥቂት ነው።
በአላህ ያጋራ።
ቂም የያዘ።»

እኔ አላጋራሁም።

የዛሬ አራት ዓመት፣ እቁቡ ሲጀመር፣
ለነጂሃ ወጣላት ገና በአንደኛው ዙር፤
«ዋስሽ ማነው?» ሲሏት ዞራ እኔን አየች፤
«እኔ አለሁ» አልኳቸው፤ ብሩን ቆጥራ ሄደች።
ሄደች ማልሞ፣ ሄደች ኮፐንሃገን፣ ስልኳን ለወጠች፤
እኔ ቀረሁ ከነፊርማዬ።
አስራ ዘጠኝ ወር፣ ከሌሊቱ አስር ሰዓት፣
የባንክ ቤት ወለል ስወለውልላት፣
ዕዳዋን ስከፍል ክሮነር በክሮነር፣
ከጨርቁ ጋር ስሟን ስጨምቀው ነበር።

ኢቃማ ተባለ። ትከሻ ለትከሻ ገጠምን።
አንዲት የዘገየች ሴት በግራዬ ገባች፤
የእግሯ ጣት የእግሬን ጣት ነካው፤
ካልሲዋ ርጥብ፣ በአውራ ጣቷ በኩል የተበሳ።
ሳላያት አወቅኋት፣
በሳሏ፦
ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም።

ሱጁድ ወረድኩ።
አፌ ሱብሓነ ይላል፣
ልቤ አስራ ዘጠኝ ወር፣ አስራ ዘጠኝ ወር።

ኢማሙ አሰላመተ።
ወደ ቀኝ ዞርኩ፤ ፋዚላ ናት፣ ሐልዋ ሐልዋ ትሸታለች፤
ሰላም በእርሷ ላይ ይሁን፣ ምን ገዶኝ።
ወደ ግራ የሚዞር አንገት ግን አጣሁ።
ሰው ሁሉ ሶላቱን ጨርሶ
ተስቢሕ ሲቆጥር
እኔ ግማሽ ሰላም ይዤ
በቀኝ እንደተጣመምኩ ቀረሁ።
ለሷ እኔ ዋስ ነበርኩ፤
ለእኔስ ዛሬ ሌሊት ማን ይዋሰኛል?

ዞርኩ።
ከስታለች። ዓይኗን ከምንጣፉ አላነሳችም።
«አውፍ በዪኝ» አለች በወሎኛው፣
ድምፅ ከማይባል ድምፅ።

ሐላል ይሁንልሽ ልል አፌን ከፈትኩት፣
ከውስጡ የወጣው ሌላ ቃል ነው ያየሁት፦
«በዚህ ብርድ ሸራ ጫማ?»

እሷም «እ» አለች። ሌላ ምን ትበል።

ውጪው የየካቲት ዝናብ ነው፣ ግማሹ በረዶ።
አብሺር በሩ ላይ ከሐጅ ሩስተም ጋር አሁንም ይከራከራል፣
በእጁ የፕላስቲክ ኩባያ ይዞ።
ዣንጥላዬን ዘረጋሁ፤ ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፣
ለሁለት ሲያዝ የሁለቱንም አንድ አንድ ትከሻ ያስመታል።
እስከ ትራሙ ማቆሚያ ዝም ብለን ሄድን፤
ቀኝ ትከሻዬ በሰበሰ፣ ግራዋም እንደዚያው፤
መሐላችን ያለው ብቻ ደረቅ ነበር።

ቃሉን አላልኩትም ገና።
ምላሴ ሥር አለ፣ እንደ ትኩስ ድንች፣ አልተዋጠም አልተተፋም።
ሰሌዳው ሦስት ደቂቃ ይላል።
እስከ ፈጅር ደግሞ ብዙ አለ።