ግራና ቀኝ

ጠጠሩ መንገድ ላይ፣ ከሐይቁ መታጠፊያ፣
ጎማው ቀደመንና ሄደ ብቻውን ወዲያ።
ቦይ ዘለለ፣ ሸንበቆ አለፈ፣ ሐይቅ ገባ ሳይፈራ፤
አራት ጆንያ ዘር ድንች ቦይ ዳር ተዘራ።
ወንድሜ ኢስሞ ሳቀ፤ አልሳቅሁም ያኔ፣
ኩሽኔታው ሲያቃስት ሰምቼ ነበር እኔ።

አባታችን ታውኖ በበረዶ ወራት
ላሞቹ በተሸጡበት ባዶ በረት የሠራት፣
ወለሏ የጀልባ፣ ጎኗ የሳውና በር፣
ብየዳዋ ያበጠ፣ ንብ እንደነደፈው ከንፈር፤
ስም የላት፣ ቁጥር የላት፣ አልወጣላት ሊብሬ፣
ምን መኪና እንደወለዳት አናውቅም እስከ ዛሬ።

ያልጫነችው ምን አለ? የሞተር ጀልባ፣ የበርች ፍልጥ፣
የታመመ ጥጃ፣ የኢስሞ አልጋ ሚስቱ የፈታችው ለት፣
አንዴም የሰበካውን ፒያኖ፣ በየጉብታው ሲነጥር
ሰው ሳይነካው የዘመረ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር።

የመለዋወጫው ሱቅ ልጅ «ሥሪቷ የት ነው?» ቢለኝ፣
«አባቴ» ብዬ መለስኩ፤ ሁለቴ ቀና ብሎ አየኝ።
«ቀዳዳው ስንት ነው?» «አራት።» «ከመሀል መሀልስ ስንት?»
እቤት ገብቼ የእናቴን የልብስ ሜትር ዘረጋሁት።
የሰኔ ሌሊት እኛ አገር አይጨልምም፤ ወፉም አይተኛ፤
ያለ ባትሪ ተንበረከክሁ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ብቸኛ።
የቀኙ ሞዞ ተጨራምቷል፤ ግራውን ፍቄ ለካሁ፣
ያገኘሁትን ቁጥር ክንዴ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍሁ።

ሰባት ሳምንት ያ ቁጥር ታጠበ፣ ተጻፈ እንደገና፤
በየሰው ጓሮ አጎነበስኩ ከየአሮጌው መኪና።
አንዱ ጠበበ፣ አንዱ ሰፋ፤ አንዱን ልክ ነው ሲሉኝ
ሦስቱ ብሎን ገባና አራተኛው እምቢ አለኝ።
ኪርስቲ ግቢ ባለው ቸርኬ ዶሮዋ ታቅፋ ነበር፤
«ሲፈለፈል ነይ» ብላ ሸኘችኝ እስከ በር።

በመጨረሻ በጎረቤት መኪና ጭነናት፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
ካርፒነን ዘንድ፤ ብረት እንደ ጭድ ከምሮ፣ ኪሱን ሞልቶ በዳዶ።
በጀርባው ተንጋሎ ከሥሯ ገባ፤ ቆየ። ዝም አለ፣ ቆየ።
ባትሪውን ወደ ግራ አበራ፣ ወደ ቀኝ አበራ፣ አየ።
ከሥር ሳቁ ተሰማኝ፣ ጉድጓድ እንደገባ ሰው፦
«ሂልካ፣ ይሄ አባትሽ ምን ያለ ተንኮለኛ ነው!
ግራው የላዳ ነው፤ ቀኙ የሌላ፣ የማላውቀው፤
መሀሉን ቆርጦ፣ ቀጥሎ፣ በብየዳ ነው ያስታረቀው።
በግራ ልክ ለቀኝ ጎማ ስትፈልጊ ባጀሽ፤
አንድ ቁጥር ሳይሆን ሁለት ነው መጻፍ የነበረብሽ።»

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ወደ ቀኝ ስትጎትተን
«መንገዱ ነው» ይል ነበር፤ መንገዱን ስናማ ኖርን።

ከአረጋውያኑ ቤት ሄጄ፣ ሾርባ ሲጠጣ ጠየቅሁት፦
«ለምን ከሁለት መኪና?» ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ጠበቅሁት።
«ሙሉ የሆነ አንድ ማን ሰጠኝ?» ብቻ አለ።
ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። ጨው ጠየቀ፤ ቀጠለ።

ግራው ጥቁር፣ ቀኙ ነጭ ቸርኬ ነው የተገኘላት፤
ካርፒነን ግራሶ በጣቱ ዝቆ አዲሱን ኩሽኔታ ቀባላት።
ዋጋው ሠላሳ ዩሮና ሁለት የተጨሰ ዓሣ፤
ዳዶውን እኔው አሰርሁት፣ አንዱንም ሳልረሳ።

ስንመለስ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ኢስሞ ፍሬን ያዘ፤
ነጭ አበባ፣ ነጭ አበባ፣ ከቦዩ ዳር ተያያዘ።
ያልለቀምነው ድንች ነው፤ መስመር የለው፣ አጥር የለው፣
ጎማው በዘለለበት በኩል፣ እስከ ሸንበቆው ድረስ ያለው።
ኢስሞ ወርዶ አንዱን ነቀለ፤ ፍሬው ገና የአውራ ጣት ጫፍ ነው፤
መልሶ ቀበረውና እጁን በሱሪው ጠረገው።

ተነሣን። አሁንም ወደ ቀኝ ጥቂት ትስባለች፤
ጥቁር ነጭ፣ ጥቁር ነጭ፣ ከኋላ ትከተላለች።
ኢስሞ መሪውን ወደ ግራ ያዝ አደረገ።
መንገዱን ግን ማንም አላማ።