የከሰል አሻራ

ቅጹ እንዲህ ይላል፦ «ተረካቢው ይፈርም፣
መጻፍ የማይችል ግን አውራ ጣቱን ያትም።»
የቀለሙ ሰፍነግ አንዲት ናት፣ ክብሪት የምታክል፣
አርባ ሁለት ጣት ነክቷት አርባ ሁለት ቤት ልትበክል።
የቀበሌው ጸሐፊ ከጭንብሉ ኋላ እንዲህ አለኝ፦
«ያለ አሻራ ዱቄት የለም፤ ኦዲተር አለብኝ።»

የነዚፍ ባጃጅ ሰው መጫን ካቆመች ወር አልፏታል፣
ዛሬ ግን ከኋላ ወንበሯ ዱቄት ተሳፍሯል፤
ለአንድ ቤት አሥራ አምስት ኪሎ፣ ሁለት ሊትር ዘይት፣
አንድ ደረቅ ሳሙና ከረጢቱ አፍ ላይ ተሸጉጦበት።
«ሒሳብ! ከኋላ ያላችሁ!» ይላል ነዚፍ ዞሮ፣
የሚስቅለት የለም፤ ይነዳል አቀርቅሮ።

ሰኔ ነው። አዌቱ ቀልቷል፣ የጅሬንን አፈር አዝሏል፣
ድልድዩ ላይ የሚተላለፍ ሰላምታውን በክርን ያቀብላል።

መጀመሪያ ሙንተሃ ቤት። መጋዘን ውስጥ ቡና ለቃሚ ነበረች፤
ጥቁሯን ፍሬ ከደህናዋ ስትለይ ነው የኖረች።
መጋዘኑ ሲዘጋ እጇ ሥራ ፈታ፣
የምትለቅመው የላትም፣ ጠዋትም ሆነ ማታ።
«ሰፍነጉን አርቀው» አለችኝ ከደጃፏ ቆማ፣
ገባ ብላ ከሰል ይዛ ወጣች፣ ከምድጃዋ ለቅማ።
አውራ ጣቷን አሸችበት፣ ቅጹ ላይ ጫነችው፤
«ይኸው ቀለም! የራሴ ነው፣ ማንም ያልነካው።»

ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።
ቀጣዩ ደጅ ስንደርስ ሰዉ ከሰሉን ይዞ ቆሟል።
አባ ፊጣ በርጩማ ጠራቢ ናቸው፤ ገዢ ካጡ ሁለት ወር፣
ከሰላቸው ቅርጽ አለው፤ የተጠረበ የበርጩማ እግር።
ምንም አላሉኝም። ምንም አልጠየቅኋቸው።
አተሙ።

አሥረኛው ቤት ትንሽ ልጅ ነው የወጣልን።
«እኔ ላምጣ!» ብሎ ሮጠ፣
ከምድጃው መሐል ከሰል አንሥቶ
በባዶ መዳፉ ጨብጦ መጣ።
ቀትር ነበር። የምሳ ሰዓት።
አላቃጠለውም።

ከዚያ ወዲያ ቀና እያልኩ ጣራ ማየት ጀመርኩ፣
ከአርባ ሁለቱ ቤት ሦስት ጭስ ቆጠርኩ።
ቅጹ የቤተሰብ ብዛት ይጠይቃል፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር፤
«ምድጃው ከነደደ ስንት ቀኑ?» የሚል የለውም መስመር።

ሃያ ሰባተኛው ተራ ላይ፣ ጠይባ ቤት፣
አንሶላ ተጋርዶ ከኋላ ሌላ ቤት አለበት።
አስካለች ትባላለች፤ ከዳውሮ የመጣች፣ ልብስ አጣቢ፣
የቤት ቁጥር ስለሌላት ያላያት መዝጋቢ።
ዘንድሮ ደግሞ ማን ልብሱን ለሰው እጅ ይሰጣል?
«ዝርዝሩ ላይ የለችም» አልኩ። አሁንም አፌን ይመረኛል።
ጠይባ አልመለሰችልኝም። ከረጢቱን ፈታች፣
የቲማቲም ጣሳ አምጥታ ዱቄቱን ሰፈረች፤
አንድ ለእሷ፣ አንድ ለራሷ፣ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለራሷ፣
ጎዶሎዋ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆመ እጇ፤
ጣሳውን አየችው፣ አንሶላውንም አየችው፣
«ያንቺዋ ታጠባለች» ብላ ወዲያ ገለበጠችው።
ከዚያ ከሰሏን ለሁለት ሰብራ አንዱን ወረወረች ማዶ፦
«አትሚ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሁለት አውራ ጣት፣ በአንድ መስመር።

ስንመለስ መሽቷል። ድልድዩ ላይ ነዚፍ ሞተሩን አጠፋ፣
«ቁጠር እስቲ» አለኝ። ካፊያው እየበረታ፣
አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ
ጨለማውና ጭሱ ተቀላቀሉብኝ።

ጸሐፊው ቅጹን ሲገልጥ ጣቱ ጠቆረ።
«ይሄ ምን ቀለም ነው? ይለቃል እኮ!» አለ።
ሃያ ሰባት ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁለት ጊዜ ቆጠረ፣
ቀና ብሎ አየኝ፣ አፍንጫውን በጭንብሉ ላይ አከከ፣
ማኅተሙን አንሥቶ መታበት፣ ወደ ሃያ ስምንት አለፈ።

እኔም አልነገርኩትም
ነጩ ጭንብሉ ላይ አሻራ እንደተቀመጠ።