የቀበቶው ስፌት

ከሲሌዥያ ምድር ስር፣ ሰባት መቶ ሜትር ወርደህ፣
ሊፍቱ ሆድህን ከላይ አስቀርቶ ሲያራግፍህ፣
መጀመሪያ የምትሰማው ሰው አይደለም፣ ሩሎ ነው፤
ሺህ ብረት ባንድ ጉሮሮ፣ ማባሪያ የሌለው።

አሎይዝ ኩርዜያ ግን "አንድ ጉሮሮ" አይልም።
"አራት ሺህ ስድስት መቶ ናቸው፣ አንዱ ካንዱ አይገጥምም።
ይሄ ግራሶ ጠግቦ ያንኮራፋል፤
ያኛው ጦሙን ውሎ ያፏጫል፤
እዚያ ማዶ ያለው ኩሽኔታው አልቋል፣ እስከ ሌሊት ይነክሳል።"
ጓንቱን ያወልቃል። የእጁን ጀርባ ወደ ብረቱ ያስጠጋል።
"ትኩሳት አለው።"
መፍቻ አቀብለዋለሁ።

"ደህና አደርክ" የለም እዚያ፤ "እግዜር ያበርታህ" ነው ሰላምታው፤
ከዚያ ወዲያ ቃል አይባክንም፣ ጣት ነው የሚያወራው።
አንድ ጣት፣ ቁም። ሁለት፣ ስማ።
መዳፉ ከተዘረጋ ግን ሞተሩን ግደል፣ ጥያቄ የለማ።

ወንድሙ አሂም የሞተው በአንድ የደረቀ ሩሎ ነው፤
ሌሊቱን ጮኾ ጮኾ፣ ዱቄቱ ሲግል፣ ሰሚ ያጣው።
ይህን የነገረኝ አንዴ ነው፣ ዳቦውን እየቆረሰ፤
ከዚያ ስለ ቅቤ ዋጋ አወራ፤ ነገሩ እዚያው ፈሰሰ።

ከላይ፣ ከማጣሪያው ቤት፣ ሚስቱ ትሩዳ ቆማለች፤
ከሚያልፈው ጥቁር ወንዝ ድንጋይና እንጨት ትለቅማለች።
እሱ የጫነውን እሷ ታራግፋለች፣ ሳይተያዩ፣ ሃያ ዓመት።
አንድ ቀን የጠፋ ጓንቱ ወጣላት፤
ምንም አላለችም፤ ማታ ከሾርባው ሳህን ስር አኖረችለት።

"ኖሮ ኖሮ ከመሬት" የሚባለው ለላይኛው ሰው ነው፤
እኛ ከመሬት ወጥተን ነው ወደ ቤት የምንሄደው።

ቀበቶው ጫፍ የለውም ይላሉ የቢሮ ሰዎች፣ በወረቀት፤
"ማለቂያ የሌለው" ብለው መዝግበውታል፣ ከነስፋት ከነርዝመት።
አሎይዝ ይስቃል፤ "ማለቂያውን እኔ ሰፍቼዋለሁ፤
ሰላሳ አንድ ቦታ ነው፣ እያንዳንዱን በቀኑ አውቀዋለሁ።
ይሄ ሊዲያ የተወለደች ለት፤
ይሄ በበረዶው ዓመት፣ ሊፍቱ ቆሞ ያደርን ለት፤
ይሄን አትይ፣ ጠጥቼ ነው፤
ጠማማ ነው። ግን ይዟል።"

ጎሚስታ ጎማ ይለጥፋል፤ አሎይዝ መንገዱን ነበር የሚለጥፈው፤
ንብርብሩን በደረጃ ልጦ፣ ማስቲሹን በመዳፉ ሲያብሰው፣
በሁለት የጋለ ብረት መሃል አርባ ደቂቃ ሲያበስለው፣
ሙቀቱን ተጠግተን ቋሊማ እንበላለን፣
ጎማ ጎማ የሚል ቋሊማ፤ ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘሁም።

የመዝጊያው ደብዳቤ በመጋቢት መጣ።
የመጨረሻው ከሰል አለፈ፤ ቀበቶው ባዶውን ወጣ።
ባዶ ቀበቶ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሩሎዎቹ ይለቀቃሉ፤
ከላይ ደግሞ የትሩዳ እጆች፣ አሉ፣
ምንም በሌለበት ጎማ ላይ ለትንሽ ጊዜ ይለቅማሉ።

ካቦው ዱዴክ ቢላዋውን ሰጠው፤
"የትም ቁረጠው፤ ለገበሬ ነው የሚሸጠው።"
አሎይዝ ቢላዋውን ያዘ እንጂ አልቆረጠም፤
"አንድ ዙር አዙሩልኝ" አለ። ዱዴክ ሰዓቱን አየ፣ አልተከራከረም።

ዞረ። ቆመን አየነው።
ሊዲያ አለፈች። በረዶው አለፈ።
አንድ ጣቱ ተነሳ። ጠማማው መጣ፣ መሃላችን ላይ ቆመ።
ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው።
ከዚያ አንድ ክንድ ርቆ፣ ከደህናው ጎማ ላይ ቆረጠ።

ዘንድሮ ወተት ልገዛ ከአንድ ገበሬ በረት ገባሁ፤
ወለሉ ላይ ጥቁር ጎማ ተነጥፏል፣ ጭቃውን በጫማዬ ገፋሁ።
አግድም የሄደ፣ እንደ ሰካራም የዞረ መስመር አየሁ።
ላሟ ቆማበታለች፣ ከነክብደቷ።
ይዟል።