በወረቀት ሃያ ስድስት

በወረቀት ሃያ ስድስት ነኝ፤ ማኅተም አለበት፤
ጉልበቴ ግን ቆጥሯል፣ ሰባት ጨምሮበት።

ያኔ ከቀበሌ መታወቂያ ሳወጣ፣
የክለቡ ሰው ነበር አብሮኝ የመጣ፤
"ቀንስለት" አለው፣ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፤
ጸሐፊው ጻፈልኝ፣ አየኝና ላንድ አፍታ።
ሰባት ዓመት ሄደ በአንድ ብዕር ጫፍ፤
ሁለቴ ተወለድኩ፦ በእናቴ ሆድ፣ በጸሐፊው ጽሑፍ።

አባቴ ዳንጊሶ፣ አሞራ ገደል ዳር፣
በጥርሱ ክር ይዞ መረብ ሲጠግን ይውል ነበር፤
ሬድዮኑ "ዱካሞ ኳስና መረብን አገናኘ!" ሲል፣
"ቀደደው እንዴ?" ብሎ ጎረቤት ይጠይቃል።

የመጀመሪያዋ ጎል በጭኔ ነው የገባች፤
ልመታት አልነበረም፣ ራሷ ነች የመጣች።
ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ፣ ከዚያም አሥራ አራት፤
ፎቶዬ ተለጠፈ በባጃጅ መስታወት፤
ሐይቅ ዳር ለዓሣ ጥብስ አልከፍልም ነበር፤
የፊርማው ገንዘብም ቆርቆሮ ሆነ፣
የእህቴ ቤት ጣራ ላይ ሲያበራ የሚኖር።

ከዚያ አዳማ ሄድኩ፤ ሌላ ክለብ፣ ሌላ ማልያ፤
ሦስት ወር ያለ ደሞዝ፣ አራት ሆነን በአንድ ማደሪያ።
አጥቂ ማለት መጠበቅ ነው፤ ሰማንያ ደቂቃ ምንም፣
ከዚያ አንዲት ኳስ። እሷን ከሳትክ፣ ሰው አያምንህም።

ሐኪሙ ጉልበቴን በፊልም አየና "ዕድሜህ?" ብሎ ጠየቀ፤
"ሃያ ስድስት" አልኩት።
ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሣና ሳቁን ደበቀ።

ትናንት እዚሁ ሐዋሳ፣ ስድሳ አንደኛው ደቂቃ፣
ኳሷ ከቀኝ ተሻገረች፤ ዐይኔ ቀድሞ ደረሰ፤
እግሬ ግን ዘገየ፣
ፍርዱ ካለቀ በኋላ እንደሚመጣ ጠበቃ።
ያጨበጨበልኝ ደጋፊ ነው "አውጡት!" ያለ።
ሰሌዳው ላይ ዘጠኝ በቀይ በራች፤ ተነሥቶ ገባ አንድ ልጅ፤
እጁን ስጨብጠው ላብ አልነበረውም፣ ይንቀጠቀጥ ነበር እንጂ።
"በወረቀት ስንት ነህ?" አልኩት።
"አሥራ ዘጠኝ" አለኝ።
"በእውነትስ?"
ሳቀና ሮጠ፣ ሳይነግረኝ።

"ዛሬስ ቀደድከው ወይ?" አለ አባቴ ማታ፣ ከመረቡ ቀና ሳይል።
"ዛሬ ደህና ነው" አልኩት።
"በል ጫፉን ያዝልኝ" አለኝ።
ጉልበቴን ዘርግቼ፣ አሸዋው ላይ ተቀምጬ ያዝኩለት፤
ቀዳዳው በእኔ በኩል ነበር፣
ኳስ የሚያሳልፍ ያህል።