የቀትር ብረት

ሰባት ሰዓት ተኩል። ማራገቢያው አንድ ነው፤
እሱንም ነፋስ ሳይሆን ሙቀት ነው የሚያዞረው።
ለሠላሳ አንድ ልጅ አሥራ ሁለት ኮምፒውተር፣
መብራት ሲሄድማ አሥራ ሁለት መስተዋት፣ ፊታችንን ብቻ የሚመነዝር።

ሮብሌ ጠየቀ (በዝናብ ቀን ተወልዶ ነው ስሙን ያገኘው፣
እኔ ግን ሳውቀው ላቡ ነው የሚዘንበው)፦
«ቲቸር፣ ይሄ ማሽን ሲያውቅ፣ ሲያውቅ ሄዶ፣
እኛ ስንመረቅ ምን ሊያስቀርልን ነው፣ ሥራውን ወስዶ?»

መልስ አልነበረኝም። ዳስተሬን አነሣሁና
ሰሌዳውን ጠረግሁ፣ ያልተጻፈበትን፣ እንደገና፣ እንደገና።

የዚያ ወር ሥራችን ድምፅ ማስተማር ነበር፤
መንኮራኩር ሲመታ ጤነኛው ምን ይላል?
የተሰነጠቀውስ በምን ቋንቋ ያማርር?
ማሽኑ ይማራል፣ እኛ ከነገርነው፤
ለእኛስ ማን ይንገረን? ጭንቁ እዚህ ላይ ነው።

ኢፍቱ ናት ያመጣቻቸው፣ ሙሴ ወልደሰንበትን፣
በባጃጅ ጭና፣ ከነምርኩዛቸው፣
ከነመዶሻቸው፣ ጡረታ ያልወጣችውን።
ሠላሳ አራት ዓመት፣ በሸመንደፈር ቤት፣
ጎንበስ ብለው፣ መትተው፣ አዳምጠው፣ «እለፍ» ያሉት ብረት
ጅቡቲ ደርሶ መጥቷል።
የቀኝ ጆሯቸው ግን አልመጣም፤ እዚያው ቀርቷል።

ማዳመጫ አጠለቁላቸው። «በዚህ አይሰማኝም» ብለው አወለቁት፤
መዳፋቸውን ዘርግተው ስፒከሩ ላይ አኖሩት።
ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሦስት መቶ ድምፅ በእጃቸው ሰሙ፤
«ደኅና… ደኅና… ይህቺ ታማለች… ደኅና…»
ልጆቹ ቃላቸውን እንደ ማሽላ እየለቀሙ።

በአራተኛው ቀን ማሽኑን ፈተንነው።
አርባ ሰጠነው፤ ሠላሳ ሰባቱን እንደ እርሳቸው አለ፤
ሦስቱን ግን «ታመዋል» ብሎ ተሟገተ፣ ቀይ ምልክት ሰቀለ።
«የአንድ ወር ልፋት!» አለች ሙኒባ፣ ወንበሯን ገፍታ።
ሙሴ አልተቆጡም። ሦስቱን ደግመው ዳሰሱ፣ በእርጋታ።
«ይህ ሲቀዳ» አሏት፣ «ጥላሽ የት ነበር?»
«የኔ ጥላ?»
«ያንቺ። ከፊትሽ? ከኋላሽ? ወይስ ከእግርሽ ሥር?»

ከእግሯ ሥር ነበር።

«ይኸው! የድሬ ብረት በቀትር ይሰባል፤
ጤነኛው ሲያጉረመርም የታመመ ይመስላል።
ሌሊት ደግሞ የታመመው ዝም ይላል፤ ያታልላል።
እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንዱን በሌሊት…»
የቀረውን አልተናገሩም።
መዶሻቸውን በኮት ኪሳቸው ከተቱ፣
ኪሱ ወደ አንድ ጎን ወረደ።

ያን ማታ ልጆቹ አንድ ዓምድ ጨመሩ፤
«ሰዓት» ብለው ጻፉ፣ ሦስት መቶውን ከ«ሀ» ጀመሩ።
መብራት ሁለቴ ሄደ። በስልክ ብርሃን፣ ትንኝና ዕጣ እየተሳደቡ፣
በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ ጥላን ወደ ሰዓት አሰቡ።

ሮብሌ ግን አልረሳም። በሩ ላይ ጠበቀኝ፤
በድሬ አፍ፣ አንቱታን በማያውቀው፣
«አልመለስክልኝም» አለኝ።
«አላውቅም» አልኩት።
በአሥራ አንድ ዓመት ማስተማር ይህን ቃል
ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው።
ራሱን ነቀነቀ። ከእኔ ጋር እስከ ደቻቱ ድልድይ ሄደ፤
ከታች አሸዋው ደርቆ፣ ፍየል ተኝቶበት፣ ወንዝ መሆኑን ክዶ።

በሰኔ ኢፍቱ ለሥራ ተጠራች፤
ብርድ በሚነፍስበት ክፍል፣ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።
ሦስት ሰዎች፣ አንድ ላፕቶፕ። ድምፅ አሰሟት፤
«ማሽናችን ታሟል ይለዋል፤ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።
መዳፏን ስፒከሩ ላይ አኖረች። ሁለቱ ተያዩ።
«ይቅርታ» አለች፣
«ይህ ሲቀዳ ስንት ሰዓት ነበር?»

የሚያውቅ አልነበረም።
አንደኛው ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፣
ወደ ፀሐዩ፣ ሊጠይቅ።