ዜሮ ሲል

ድሬዳዋ ስትግል ከቀኑ ዘጠኝ፣
የታይዋን ገበያ ጥላው አታለለኝ፤
የሦስት ወር ቁጠባ በደረት ኪሴ አለ፣
የጋሽ ቀልቤሳ ቃል ጆሮዬ ላይ ዋለ፦
“መለኪያ ስትገዛ ፊቱን አትመልከት፣
ፊትማ ሁሉም ያምራል፤ ሆዱን ነው መክፈት።”

ሆዳን ደረደረች፦ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር።
አንዱ ሙቀት ይለካል፣ አንዱ ጨለማ ላይ ይበራል፣
አንዱ፣ “ወላሂ” አለች፣ “ሽቦ ሳይነካ ያውቃል።”
ቢጫው ግንባሩ ላይ “ሺህ ቮልት” ብሎ ጽፏል።
አነሳሁት። ቀለለኝ።
ሺህ ቮልት ለመጻፍ ቀለም ይበቃዋል፣
ሺህ ቮልት ሲመጣ ግን ሆድ ይጠይቀዋል።

“ካቻቢቴ አለሽ?”
“አቦ! ልትገዛው ነው ወይስ ልታርደው?”

የቢጫውን ጀርባ ፈታሁ። ፊውዙ መስታወት፣ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭን፤
ብልጭታ ቢነሳ ማን ሊገታው?
ቀዩን ፈታሁ። ፊውዝ የለውም፤ በቦታው ሽቦ ተበይዷል።
(አንድ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ ይህን በይዶ እራቱን በልቷል።)
ጥቁሩ ከበደኝ። ሙቀት አይለካም፣ አይበራም።
ፊውዙ ግን ሸክላ ነው፣ ሆዱን አሸዋ የሞላው፤
ደቻቱን ያየ ሰው ደረቅ አሸዋ አይንቅም፣
ጎርፍ ቀጠሮ እንደማይሰጥ ያውቃላ።

ገመዱን ደጋግሜ አጠፍኩት፣ ሲራጅን አስቤ።
ሲራጅ ሳቢያን ወፍጮ ቤት ሞተር ሲፈታ
ሜትሩ ዜሮ አለው። አመነው። ጨበጠ።
ሽቦው አልሞተም ነበር። የሞተው የሜትሩ ገመድ ነው፣
ላስቲኩ ውስጥ፣ ማንም ሳያየው፣ ተበጥሶ።
ዛሬም ባጃጅ ሲነዳ ሁለት ጣቱ አይታጠፍም፣
መልስ ሲሰጥ ሳንቲም ያመልጠዋል።

ጋሽ ቀልቤሳ ያኔ አልጮኸም፤
የሽመንደፈር ሰው ነው፣ ድምፁን ለባቡር የተወ።
“ዜሮ ሁለት ዓይነት ነው” አለ፣
“የሌለ፣ እና ያላየ።
መኖሩን ያላሳየህ አለመኖሩን ቢነግርህ አትመን።
መጀመሪያ ያለበትን ለካ፤ ከዚያ የሌለበትን፤
ከዚያ ተመልሰህ ያለበትን።”

ስለዚህ የሆዳን ቬንትሌተር ከተሰካበት ጎን
ባዶው ሶኬት ውስጥ መንኪያዎቹን ሰደድኩ፦
ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።
ከዚያ ዜሮ።

“ገደልከው!” አለች።
እኔ ቬንትሌተሩን አየሁ፤ ክንፉ
እየደከመ፣ አንድ በአንድ እየተቆጠረ፣ ቆመ።
የጎረቤት ቴፕ ቃል ሳይጨርስ ተቆረጠ።
አንድ ልጅ “ሄደ!” አለ። ገበያው በአንድ አፍ ተነፈሰ።

ሄደ። እንዲያ ከሆነ ሜትሩ እውነቱን ነው።
ግን ሕጉ ሦስተኛ እግር አለው፦ ተመልሶ ያለበት፤
ያለበት ደግሞ በመላው ታይዋን የለም።
ሆዳን የሬዲዮዋን ድንጋይ አውጥታ ሰጠችኝ፤
አንድ ነጥብ አምስት አለ። ጥሩ ነው፤
ግን በድንጋይ ምስክር መብራት አይፈረድም።

“እጠብቃለሁ” አልኩ።
“ለአንድ ሜትር?”
“ለአሥር ጣት።”

ጀሪካን ገልብጣ አስቀመጠችኝ።
የምታራግብበትን ካርቶን ለሁለት ቀደደችው፣
ግማሹን ለእኔ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ክንፉ ተንቀጠቀጠ።
ጥቁሩ ፊት ላይ ቁጥር ዘለለ፣ ወደቀ፣ ቆመ፦
ሁለት መቶ አራት።
ጎድሏል፤ ይሁን። ሄዶ የመጣ ሁሉ ትንሽ ይጎድላል።

ብሬን ቆጠርኩላት። ሳልከራከራት መቶ ብር መለሰችልኝ።
“ነገ ተመለስ” አለች፣ ቢጫውን በእጇ እንደያዘች፣
“የቤቴን ማከፋፈያ እይልኝ። ሲነኩት ይነዝራል።
ያለፈው ሰውዬ ለክቶ፣
‘ምንም የለውም’ ብሎኛል።”